የጋሼ ወንዳፍራሽ ግማሽ ክኒን

እኔ ወሬ ሳላስረዝም ማውራት አልችልም፣ ይሄን ግን ቶሎ ልንገራችሁ። ጋሼ ወንዳፍራሽን ያገኘኋቸው ጠዋት ቡራዩ ኬላ ጋ ነው፣ የታክሲው ሰልፍ እስከ ሱቆቹ ተጠማዞ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ታይፒስት። ሚስታቸው እትዬ እናትነሽ ከሞቱ አሥር ወር ሆኗል። እሳቸው ሰልፍ ውስጥ የሉም፤ ከሰፈራችን ከከታ በእግራቸው መጥተው ድንጋይ ላይ አረፍ ብለዋል።

«ጋሼ፣ በእግርዎ ነው የመጡት?»

«እግር የተሰጠኝ ለምን ይመስልሻል? አንቺስ ዕድሌ፣ ደብተር ይዘሽ ወዴት ነው? ትምህርት ጨረስኩ አላልሽም?»

ስልክ የሚያነሱ ሰዎች የሚቀጥር ቢሮ እንደሚፈትነኝ ነገርኳቸው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። «አሁን የያዝኩት ቃል ስኪምፕ ይባላል» አልኳቸው።

«እኛ ቢሮ ኢኮኖማይዝ ነበር የሚባለው። ወረቀቱን በጀርባውም እንተይብበት ነበር። ያው ቁጠባ ነው።»

«ያው አይደለም ጋሼ። በወረቀት ጀርባ መተየብ ማንንም አይጎዳም። ስኪምፕ ግን ነገሩ የሚፈልገውን ያህል መንፈግ ነው። ቤት ሠሪው ሲሚንቶ ቀንሶ አሸዋ ሲያበዛ፣ ሲሚንቶው ላይ ስኪምፕ አደረገ ይሉታል። የወቀሳ ቃል ነው።»

«ፈረንጅ ለስስት እንኳ ስሙ ብዛቱ» ብለው እየሳቁ ጫማቸውን አወለቁ፣ ጠጠር ሊያራግፉ።

ጠጠር አይደለም። ሚስማር ሶሉን በስቶ ገብቷል። ካልሲው ከሥር በደም ረጥቧል፣ ሽታም አለው።

«ጋሼ፣ አያምዎትም?»

«ምኑ?» አሉኝ።

ከዚያ ስኳር እንዳለባቸው ትዝ አለኝ።

«መድኃኒትዎን ይወስዳሉ አይደል?»

«እንዴታ። በምላጭ ለሁለት እከፍላትና ግማሿን እውጣለሁ። የወሩ ለሁለት ወር ይበቃኛል።»

«ማን አዘዘዎት?»

«የእናትነሽ ሙት ዓመት። ድንኳኑ፣ በጉ፣ ጠላው ከየት ይመጣል? አርባ ዓመት አብራው ኖራ ዓመቷን እንኳ አላሰበላትም ልባል?»

የኛ ሰፈር ሰው አብዛኛው አዲስ አበባ ቤቱ ፈርሶበት የመጣ ነው። ዕድሩም ጎረቤቱም ስለተበተነ፣ ድግስ ካልደገሰ ሰው የሌለው ይመስለዋል። ስለዚህ አልፈረድኩባቸውም። ግን መጠየቄን አልተውኩም።

«እትዬ እናትነሽ ተኝተው ሳሉ ስንት ሰው ጠየቃቸው?»

«አንቺና እናትሽ... እ... ሌላም ነበረ፣ ረሳሁት።»

«የሳቸውንስ ክኒን ለሁለት ይከፍሉት ነበር?»

ተቆጡ። «ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? ሰዓት ጠብቄ በእጄ ነበር የምሰጣት። አንድ ቀን አላጓደልኩባትም።»

«ታዲያ ለእሳቸው ያላጓደሉትን ለራስዎ ለምን ያጓድላሉ? ይሄን እግር እሳቸው ቢያዩ ድንኳን የሚሉ ይመስልዎታል?»

ቁስሉን በጣታቸው ጫን አሉት። ደግመው ጫኑት። ፊታቸው ላይ ያለው ቁጣ ሲጠፋ አየሁት።

«ዕድሌ» አሉኝ ድምፃቸው ቀጥኖ፣ «እግሬ ሞቷል እንዴ?»

ታክሲው መጣ፣ ሄደ። ፈተናዬም አብሮት ሄደ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው።

ነርሱ ዲሪርሳ «አካም ጅርቱ ኦቦ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም እያለ፣ እየሳቀ ተቀበለን። ካልሲውን ሲያወልቅ ሳቁን ተወው። የክኒኑን ነገር ነገርኩት። «ግማሽ ግማሹን መዋጥ የጀመሩት መቼ ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

«ኦቦ፣ ክኒኑን እርስዎ ይከፍሉታል እንጂ በሽታው ራሱን አይከፍልልዎትም።»

ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። «ተሳስቻለሁ» አሉ። ለእሱም አይደለም፣ ለእኔም አይደለም። በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ተላኩ። ሁለት የእግር ጣታቸው ተቆረጠ። ሐኪሙ ሳምንት ብንዘገይ ኖሮ የሚቆረጠው ከቁርጭምጭሚት በላይ እንደነበር ነገረን።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ተደረገ፣ ለነዳያን ዳቦ ተሰጠ፣ በቃ። ድንኳን የለም። እትዬ ፀሐይ የምትባል ጎረቤት በር ላይ ቆማ፣ «ምነው ወንዳፍራሽ፣ ለእናትነሽ ድንኳን እንኳ በዛባት?» አለቻቸው።

ጋሼ ክራንቻቸውን ደገፍ ብለው፣ «ለእሷ ጸሎቱ ደርሷታል። በጉ የሚደርሰው ላንቺ ነው» አሉ። እትዬ ፀሐይ ሳትቀመጥ ሄደች። ሌሎችም ተከትለዋት ወጡ። የቀረነው ስድስት ሰዎች ነበርን።

እንዲህ ሆኖም ጥቅሙን አይቻለሁ። አሁን ክኒናቸውን ሙሉውን ይውጣሉ፣ ስኳራቸው ወርዷል። ጫማቸውን ሳይፈትሹ አያደርጉም። ቀስ እያሉ የሚስታቸው መቃብር ድረስ ራሳቸው ይሄዳሉ። ሁለቱ ጣቶች ግን አይመለሱም። ቤታችሁ ውስጥ መድኃኒቱን ለድግስ ብሎ የሚያጓድል ሰው ካለ ዛሬውኑ ጠይቁት፣ ይቆጣችሁ። ድግሱን ሁሉም ይካፈለዋል፤ የሚቆረጠው እግር ግን የብቻ ነው።