ሐጂ ጀሚልና የቅዳሜዎቹ ልጆች

ሐጂ ጀሚል በቦኖሻ ከተማ የታወቁ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ቃላቸው የሚታመን፣ ሚዛናቸው የማይታማ፣ አንዴ ቁርጥ ካደረጉ ግን በዋዛ የማይመለሱ ሰው ናቸው። ያን ቅዳሜ ጠዋት ሆሳዕና መናኸሪያ የወረዱት ለንግድ አልነበረም። ልጃቸው ዛሂራ እዚያው ሆሳዕና እህታቸው ቤት ተቀምጣ አሥረኛ ክፍል ትማራለች። ብሔራዊ ፈተናው እየተቃረበ እሷ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንደኛ ደረጃ ሕፃናት ጋር ሳንቃ ስትመታና ቀለም ስትቀባ እንደምትውል ሰሙ። ከዚህ ጨዋታ ሊያወጧት ነበር የመጡት።

እንደ አጋጣሚ የፊዚክስ መምህሯን አቶ ፋንታሁንን መናኸሪያው በር ላይ አገኟቸው። መምህሩ ሺንሺቾ ላሉት እናታቸው በሹፌር እጅ መድኃኒት ልከው እየተመለሱ ነበር። ትልልቆቹ ተማሪዎች ትንንሾቹን በእጅ ሥራ የሚያስተምሩበትን የቅዳሜውን ክበብ የመሠረቱትም እሳቸው ናቸው። ሐጂ ሰላምታውን በወጉ ካደረሱ በኋላ ሻይ ቤት ይዘዋቸው ገቡና ነገሩን ሳያድበሰብሱ አነሡት።

«መምህር፣ አይቀየሙኝ። ልጄን የላክኋት እንድትማር እንጂ የሰው ልጅ እንድታጫውት አይደለም። እሷ ራሷ ገና ተማሪ ናት፤ ያልበሰለ ማንን ያበስላል?»

«እውነትዎን ነው፣ ሐጂ። ጊዜዋ ውድ ነው» አሉ መምህሩ። «ግን አንድ ነገር ላጫውትዎ። ሙቀት እንዴት ይጓዛል ብዬ ስጠይቃት ዛሂራ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ አንድ ቃል ሳትስት በቃሏ ወጣችው። እስቲ ይህንኑ ለእናትሽ በሀዲይኛ አስረጃት ስላት ግን አቃታት። ይህ ማወቅ ነው?»

«መጀመሪያ ቃሉ፣ ኋላ ትርጉሙ። እኔም ቁርኣን የቀራሁት እንደዚያ ነው።»

«ትርጉሙን ማን አስረዳዎ?»

«ሸኻችን ናቸዋ» አሉና ሐጂ ጥቂት አሰቡ። «ሸኹ በማይደርሱበት ጊዜ ደግሞ ቀደም ብለው የገቡት ደረሶች፣ ትልልቆቹ ተማሪዎች፣ ያስረዱን ነበር።»

«ታዲያ እኔ ምን አዲስ ነገር አመጣሁ?»

ሐጂ ፈገግታቸውን በሻይ ብርጭቆው ሸፈኑት። ይሁንና እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም። ያ የአላህ ቃል ነው፣ ይሄ የሳንቃ ሥራ ነው ብለው ተከራከሩ። መምህሩም ነገሩን ሳያከርሩ፣ መጀመሪያ በዓይናቸው እንዲያዩና ከዚያ ወዲያ ልጃቸውን ይዘው ቢሄዱ እንደማይከለክሏቸው ነገሯቸው።

ትምህርት ቤቱ ሲደርሱ ዛሂራን በአራተኛ ክፍል ልጆች ተከባ አገኟት። አባቷን ስታይ ደነገጠች። ከፊቷ ፀሐይ ላይ ልጆቹ ራሳቸው የሠሯቸው ሁለት የበርበሬ ማድረቂያ ሳጥኖች ነበሩ፤ ውስጣቸው ጥቁር የተቀባ፣ ላያቸው በላስቲክ የተሸፈነ፣ ጎናቸው አበባና ወፍ የተሣለበት። በሁለቱም ውስጥ እርጥብ የበርበሬ ዛላ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። አንደኛው ከታችም ከላይም ቀዳዳ አለው፤ ሌላው ድፍን ነው። የድፍኑ ላስቲክ ከውስጥ የውሃ ጠብታ ይዟል።

አንድ ሕፃን በሀዲይኛ፣ ይሄን ያህል ሞቆ ለምን ረጠበ ሲል ጠየቃት። ዛሂራም «እኔም በደንብ አልገባኝም፤ አብረን እንፈልገው» አለች። ሐጂ ፊታቸውን አዞሩ። አስተማሪ ሆኖ አላውቅም ማለት በእሳቸው ዘንድ ውርደት ነበር።

ልጆቹ ግን አልናቋት። ሳጥኖቹን ይነካኩ፣ ይከራከሩ ጀመር። ትርፌ የምትባል ልጅ ቀጭን ወረቀት ቀድዳ ከላይኛው ቀዳዳ አጠገብ ብትይዘው ወረቀቱ ተርገበገበ። ዛሂራ ከታችኛውም እንድትሞክረው ነገረቻት፤ እዚያ ወደ ውስጥ ተሳበ።

ሐጂ ሳያውቁት ቀርበው ነበር። «ልጄ፣ ቀዳዳ ካለው ሙቀቱ ያመልጥ የለም?» ሲሉ ትርፌን ጠየቋት።

«ሙቀቱ ብቻውን አይወጣም። የበርበሬውን ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው። ከታች ደግሞ ደረቅ አየር ይገባል።»

«ዛሂራ ናት ይህን የነገረችሽ?»

«አይ፣ እሷ ጠየቀችን። ያገኘነው እኛ ነን።»

ሐጂ ወደ ድፍኑ ሳጥን ጎንበስ አሉ። በየክረምቱ መጋዘናቸው ውስጥ የሚሻግተው በርበሬ ታያቸው። ዛሂራ መጥታ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ሸምድዳ የያዘችው ሁሉ ልጆቹ ለምን ባሏት ቁጥር እየተገለጠላት እንደመጣ፣ ለፈተናውም ከቅዳሜ በተሻለ የተዘጋጀችበት ቀን እንደሌለ በትሕትና አስረዳቻቸው።

«ልወስድሽ ነበር የመጣሁት» አሏት። «በቃ፣ እዚሁ ቆዪ። ክረምት ስትመጪ ግን ይህን ለቦኖሻ ልጆችም ታሳያለሽ። መጋዘኑን እኔ እከፍትላችኋለሁ።»

ዛሂራ ፈተናዋን በጥሩ ውጤት አለፈች፤ በክረምቱም አባቷ እንዳሏት ከቦኖሻ ልጆች ጋር በመጋዘኑ ማድረቂያ ሳጥን ሠራች። በእርግጥ እጅ የሠራውን ልብ አይረሳም። ለታናሹ የሚያስረዳ ታላቅ የራሱን ጎዶሎ ያያል፤ ታናሹም ዕውቀት ከሩቅ አገር ብቻ የሚመጣ ሳይሆን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚጠየቅና በገዛ እጁ የሚደረስበት መሆኑን ይማራል። በዚያ ክረምት የሐጂ በርበሬ አልሻገተም። ገበሬዎች ይህን ሰምተው የሳጥኑን አሠራር ሊጠይቋቸው ሲመጡ፣ ሐጂ ጀሚል ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ መጋዘኑ እየመሯቸው «እኔን አይደለም፤ ልጆቹን ጠይቋቸው» ይሉ ነበር።