የልብስ ሰፊው በሶብላ

ዳቦ ይዤ ወደ ቤቴ ስወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጩኸት ሰማሁ። ሲፈጥረኝ መምህር ነኝና ሰው ሲከራከር እየሰማሁ ማለፍ አይሆንልኝም። የልብስ ሰፊው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሽማግሌው በረንዳው ላይ አንድ የዘይት ቆርቆሮ እንደ ሕፃን አቅፈዋል፤ ፊት ለፊታቸው የጎረቤታቸው ልጅ መቀስ ይዛ ቆማለች። ግብርና ትማራለች፤ በሕንጻው ውስጥ «የቅጠል ዶክተር» እያልን እንቀልድባታለን፤ እሷም አትቀየምም።

«መምህር፣ እንኳን መጣህ! ና ፍረደኝ» አሉ ሽማግሌው። «ውሃ ላጠጣልዎ ብላ ገብታ የባለቤቴን በሶብላ አንገቷን ልትቀላ ነው!»

«አበባዋን ብቻ ነው አባባ፤ አንገቷን ማን ነካ?» አለች ልጅቱ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ቀልድ ሊመስለው ይችላል። የሽማግሌው ባለቤት ካረፉ ገና ዓመት አልሞላም። በእጃቸው ከተከሉት ሁሉ የቀረችው በቆርቆሮው ውስጥ ያለችው በሶብላ ብቻ ናት። ሽማግሌው ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ ውሃ ያጠጧታል እንጂ ሰው እንዲነካት አይፈቅዱም። እንዲህ ተከብራ ተቀምጣ ግን ግንዷ እንጨት ሆኗል፤ የታች ቅጠሎቿ ረግፈዋል፤ አናቷ ላይ ብዙ አበባና ጥቂት ቅጠል ብቻ ቀርቷል።

«አምሮባት አታዪም እንዴ? ደስ ባይላት ታብባለች?» አሉ።

«አባባ፣ በሶብላ የምታብበው ሥራዬን ልጨርስ ስትል ነው። ዘሯን ካፈራች በኋላ ትደርቃለች። አበባዋን በጊዜ ከቆረጥንላት ግን ገና ነኝ ብላ ከጎንና ከጎን አዲስ ቅርንጫፍ ታወጣለች።»

«በስለት ማዳን! ይኸን ነው የሚያስተምሯችሁ?»

«እርስዎስ ጨርቅ ሳይቆርጡ ልብስ ሰፍተው ያውቃሉ?»

ሳቅ አመለጠኝ። ሽማግሌው ከመነጽራቸው በላይ አፈጠጡብኝና ወደ ልጅቱ ዞሩ።

«ጨርቅ ቢበላሽብኝ ሌላ እገዛለሁ። ይህችን ከየትኛው ገበያ ልገዛት ነው? የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን አልጥልም ልጄ።»

እዚህ ላይ እኔም ሳቄን ዋጥኩ። ሰው የሚወደውን የሚጠብቀው በሚያውቀው መንገድ ነው፤ እሳቸው የሚያውቁት ደግሞ አለመንካትን ነው። ልጅቱም ገባት መሰለኝ፣ መቀሱን መስኮቱ ሥር አስቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እማማ በሕይወት ሳሉ ይህች በሶብላ እንዲህ አብባ አይተው ያውቃሉ?»

ሽማግሌው አሰቡ። «እንጃ፤ እኔ ሁልጊዜ ስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ።»

«እኔ ግን ከበረንዳችን አያቸው ነበር። ድስቱን ጥደው ብቅ ይሉና ጫፍ ጫፏን ቀንጥሰው ይገባሉ። አንድም ቀን ሳይቀነጥሱ አይውሉም ነበር። ለዚህ ያደረሷት እሳቸው ናቸው፤ ያደረሷትም በመቀንጠስ ነው።»

ሽማግሌው ቆርቆሮውን እንዳቀፉ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። «እኔም አንዴ ቀንጥሻለሁ» አሉ፣ ስርቆቱን እንደሚናዘዝ ሰው። «ምስር ልሥራ ብዬ። ቅጠሉን ከውሃው ጋር ጨመርኩት፤ ምስሩ እስኪበስል አብሮ ተንተከተከ። ከፍቼ ባሸት ምንም የለም። ጠረኑም አብሯት ሄዷል አልኩና ድስቱን ደፋሁት። ከዚያ ወዲህ ዳቦና ሻይ ነው።»

«ወይኔ አባባ! ጠረኑ የትም አልሄደም፤ በእንፋሎት አባረሩት እንጂ። ከመጀመሪያው ቢጨመር የሚችለው የደረቀው ነው። እርጥቡ የሚገባው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። አሁኑኑ እንሞክረው?»

መልስ ሳትጠብቅ ወደ ቤቷ ሮጠች። ስትመለስ ምስር፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በከረጢት፣ ሦስት ትንንሽ ተክል ደግሞ በሳጥን ይዛ ነበር።

«እነዚህም በሶብላ ናቸው። ይህች ባለ ሰፊ ቅጠሏ ለቲማቲም ትሆናለች። ይህች የሎሚ ጠረን አላት፤ ዓሣ ላይ ጣል ያደርጓታል። ሐምራዊዋ ደግሞ ሰላጣ ታሳምራለች።»

ሽማግሌው ሰፊውን ቅጠል ገልብጠው አዩት። «ይኸማ ጎመን ነው። ባለቤቴ ብታየው በሳቅ ትሞት ነበር።» ይህን ካሉ በኋላ ራሳቸውም ፈገግ አሉ።

ምስሩ ሲበስል ልጅቱ ምድጃውን አጠፋችና መቀሷን አነሳች። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሊከለክሏት መስሎኝ ነበር።

«ያንቺ ዱልዱም ነው» አሉና ከስፌት መኪናቸው መሳቢያ የራሳቸውን መቀስ አወጡ። «የቱ ጋ?»

«ከሁለቱ ቅጠሎች በላይ።»

ስንት ሙሽራ ባለበሰ እጃቸው ቅርንጫፉን ያዙ። ቆረጡም። አበባ ያልያዙትን ቅርንጫፎች ልጅቱ የታች ቅጠላቸውን አራግፋ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አቆመቻቸው፤ ሥር ያወጣሉ አለች። የቀሩትን ቅጠሎች ሽማግሌው በእጃቸው ቀደዱና ድስቱ ውስጥ ጣሉ፤ ከድነው ጥቂት ቆዩ።

ክዳኑ ሲነሳ ጠረኑ ቤቱን ሞላው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይኸው ቤቴ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። እኔም አለቀስኩ፤ ሽንኩርቱ ነው ብዬ አልዋሽም። ከዚያ ያመጣሁትን ዳቦ ቆርሰን በላን፤ እሳቸው ሁለት ሳህን ጨረሱ።

ወዳጄ አንባቢ፣ ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለኔ ከመቶ ስብከት ይበልጣል። በብርጭቆው ያሉት ቅርንጫፎች ሥር አወጡ፤ ሽማግሌውም በባዶ ቆርቆሮ እየተከሉ ለጎረቤት አደሏቸው። ግንዷ እንጨት የሆነችው እናታቸውም ከጎኗ አዲስ ቅጠል ጀመረች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ሽማግሌው ብቻቸውን አቅፈዋት የነበረችውን በሶብላ ዛሬ የሕንጻው ግማሽ ይጠብቅላቸዋል። ባዶ ቆርቆሮ የሚጥል ሰው ጠፋ። ዳቦና ሻይ ብቻ ይበሉ የነበሩት ሰውዬ በየበሩ እያንኳኩ «እርጥቡ መጨረሻ ላይ ነው፣ እሳቱ ሲጠፋ!» እያሉ ባለትዳሮችን ይቆጣጠራሉ። ዓሣ የሠራም ቤት የሎሚዋን ቅጠል ሊለምን ወደሳቸው በረንዳ ይሄዳል፤ «ጎመኗ» ግን ለቲማቲም ከሁሉ በልጣባቸዋለች።

ለኔም አንዷን ችግኝ ሰጥተውኝ ነበር። አደራ ናትና መስኮቴ ላይ አስቀምጬ ውሃ ከማጠጣት በቀር አልነካኋትም። ባለፈው ሰንበት ሊጠይቁኝ ገቡ፤ ወንበር ሳይዙ በፊት ዓይናቸው መስኮቱ ላይ አረፈ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«አበበች» አልኳቸው በኩራት። «አምሮባት የለም እንዴ?»

ሽማግሌው ከኪሳቸው መቀሳቸውን አወጡና በእጄ አስያዙኝ።

«ቁረጣት መምህር» አሉኝ፣ «ካልቆረጥካት ትሞትብኛለች።»