ትራስ የሚያስፈልገው ጤፍ

(ባሕር ዳር፣ ረቡዕ ረፋድ። ጡረተኛው ቆጣሪ አንባቢ ጋሼ ስማቸውና ከአባቷ የወረሰችውን የሳይክል መጠገኛ የምታሠራው ይታይሽ፣ በተገለበጠ አሮጌ ሳይክል ግራና ቀኝ ቆመው ይከራከራሉ።)

ይታይሽ፦ አይሆንም ጋሼ። መጀመሪያ ፍሬን፣ ከዚያ ትራስ።

ጋሼ ስማቸው፦ የያዝኩት ብር ወይ ለፍሬኑ ነው፣ ወይ ለትራሱና ለደወሉ። ለሁሉም አይበቃም። እኔ ደግሞ ትራሱንና ደወሉን መርጫለሁ።

ይታይሽ፦ ያለ ፍሬን በምን ሊቆሙ ነው?

ጋሼ ስማቸው፦ በጫማዬ።

ይታይሽ፦ በጫማዎ?

ጋሼ ስማቸው፦ ቀኝ እግሬን መሬት አስነካዋለሁ፣ እየጎተተ እየጎተተ ይቆማል። ሠላሳ ዓመት ቆጣሪ ያነበብኩት እንደዚህ ነው።

ይታይሽ፦ እስቲ ያንሱት፣ ልየው። ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሶል የለውም። ካልሲዎ ይታየኛል።

ጋሼ ስማቸው፦ የግራው ደህና ነው።

ይታይሽ፦ በየጊዜው ሶል ያስለጠፉበት ስንት ፍሬን ይገዛ ነበር።

ጋሼ ስማቸው፦ ጫማ ሰፊው ወዳጄ ነው። ብቀርበት ቅር ይለዋል።

ይታይሽ፦ ካቴናውንስ ምን ቀቡት? አሳ አሳ ይሸታል።

ጋሼ ስማቸው፦ ግራሶ ተወደደብኝ። ሐይቁ ዳር አሳ የምትጠብስ ሴትዮ የተረፋትን ዘይት ሰጠችኝ። እንዴት ለስልሶ እንደሚሄድ ብታዪ። ያስቸገሩኝ ድመቶቹ ብቻ ናቸው።

ይታይሽ፦ የምን ድመቶች?

ጋሼ ስማቸው፦ የሚከተሉኝ። ትናንት ሰባት ደርሰዋል። ቆም ብዬ ሰው ሳናግር ካቴናውን ይልሱታል። እንደ ማጽዳትም ነው፣ አልከፋኝም።

ይታይሽ፦ ደወሉስ አሁን ከየት ትዝ አለዎት? እስካሁን ያለ ደወል አይደል የነዱት?

ጋሼ ስማቸው፦ በአፌ ነበር የምደውለው። ኪሊሊን፣ ኪሊሊን እያልኩ። የፊት ጥርሴ ከወለቀ ወዲህ ግን ሽሽሽ እያለ ነው የሚወጣው። ሰዉ እባብ እየመሰለው ይበታተናል።

ይታይሽ፦ እሺ፣ ደወሉ ይሁን። ከኋላ መጫኛው ላይ የሚሰፋው ትራስ ላይስ ምንድን ነው የሚጫነው?

ጋሼ ስማቸው፦ ጤፍ።

ይታይሽ፦ ጤፍ።

ጋሼ ስማቸው፦ ብዙ አይደለም። ስድሳ፣ ቢበዛ ስድሳ አምስት ኪሎ።

ይታይሽ፦ ለጤፍ ትራስ ምን ያደርግለታል?

ጋሼ ስማቸው፦ መንገዱ ጉድጓድ ይበዛበታል። እንዳይንገላታ ብዬ ነው።

ይታይሽ፦ የእግር ማሳረፊያም አዘዋል። ጤፉ እግር አለው?

ጋሼ ስማቸው፦ ለሚዛን ነው።

ይታይሽ፦ ጎማው ላይ መረብ አድርጊልኝ፣ ቀሚስ እንዳይገባበት ብለዋል። ከአፍዎ የወጣ ቃል ነው፣ ቀሚስ።

ጋሼ ስማቸው፦ ጆንያ ለማለት ነው።

ይታይሽ፦ ጤፉን ወዴት ነው የሚወስዱት?

ጋሼ ስማቸው፦ ቤዛዊት ኮረብታ። እሁድ ከሰዓት።

ይታይሽ፦ እዚያ ወፍጮ የለም።

ጋሼ ስማቸው፦ ዓባይን ከዚያ ላይ ሆኖ ማየት ደስ ይላል።

ይታይሽ፦ ለጤፉ?

ጋሼ ስማቸው፦ ለሁለታችንም።

ይታይሽ፦ ጋሼ ስማቸው፣ ከቤትዎ በር ላይ ሁለት ሳይክል ጠጋኝ አለ። ይኼን ሁሉ ሰፈር አቋርጠው፣ በዚህ ጫማ፣ እኔ ጋ ለምን መጡ?

ጋሼ ስማቸው፦ አንቺ እጅሽ ጥሩ ነው።

ይታይሽ፦ ጋሼ።

ጋሼ ስማቸው፦ ሌላ ቦታ ባሠራው ካንቺ ተደብቄ ያደረግኩት ይመስልብኛል። የምወስዳቸው እናትሽን ነው። ወይዘሮ አትጠገብን።

ይታይሽ፦ አውቃለሁ።

ጋሼ ስማቸው፦ ከመቼ ጀምሮ?

ይታይሽ፦ ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመትዎ ነው። እስካሁን በየሳምንቱ ቤታችን እየመጡ ቆጣሪ ያነባሉ።

ጋሼ ስማቸው፦ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ይታይሽ፦ የጎረቤቶቻችንን አያነቡም።

ጋሼ ስማቸው፦ የእናንተ ቁጥሩ ጉልህ ነው።

ይታይሽ፦ ባለፈው ቆጣሪው ለጥገና ተነቅሎ ሄዶ ነበር። ባዶውን ግድግዳ ትኩር ብለው አይተው፣ ደብተርዎ ላይ ጽፈው፣ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ምን ብለው ነው የጻፉት?

ጋሼ ስማቸው፦ ለውጥ የለም ብዬ።

ይታይሽ፦ እማዬ እርስዎ እስኪርቁ ጠብቃ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ጋሼ ስማቸው፦ ሳቁ? እኔ አልገባቸውም ብዬ እኮ ነው። አንቺስ፣ ተቆጥተሽብኛል?

ይታይሽ፦ አባቴ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆነው። እማዬ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የትም ሄዳ አታውቅም። እርስዎ መመላለስ ከጀመሩ ግን ሐሙስ ሐሙስ ሹሩባ ትሠራለች። መጀመሪያ ምን እንደነካት ግራ ገብቶኝ ነበር።

ጋሼ ስማቸው፦ እኔ ዓርብ ዓርብ ነው የምመጣው።

ይታይሽ፦ እሱንም ደርሼበታለሁ።

ጋሼ ስማቸው፦ እንግዲህ ልንገርሽ። ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ሽር ላደርጋቸው አቅሜ አይፈቅድም። ያለኝ ይኼ ሳይክል ነው። አንቺን ቅር የሚልሽ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ወደ ቤቴ እገፋዋለሁ፣ ቆጣሪውንም ሁለተኛ አላነብም።

ይታይሽ፦ ለእሷስ ነግረዋታል?

ጋሼ ስማቸው፦ ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ እሁድ ወጣ እንበል ብያቸው ነበር፣ እሺ ብለዋል። በሳይክል መሆኑንም ነግሬያቸዋለሁ። ከኋላዬ ይቀመጡ የሚለውን ግን ለመናገር ድፍረት አጣሁ። ምን የሚሉ ይመስልሻል?

ይታይሽ፦ ከኋላ አትቀመጥም።

ጋሼ ስማቸው፦ ገባኝ። ደግም አይደል፣ በዚህ ዕድሜ። በይ ሳይክሉን አንሺልኝና ልሂድ።

ይታይሽ፦ አልገባዎትም። እማዬን ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ ሳይክል መንዳት እያስተማርኳት ነው። ትናንት ማንም ሳይደግፋት ሦስት ጊዜ ዞረች። አንድ በግ ገጭታለች፣ በጉ ደህና ነው።

ጋሼ ስማቸው፦ ወይዘሮ አትጠገብ?

ይታይሽ፦ ዓባይን ለማየት ከሄድኩ አይቀር ከሰው ጀርባ ላይ ሆኜ አላይም ብላለች። ፍሬኑን ከሌላ አሮጌ ሳይክል አውልቄ እዚሁ ሳይክልዎ ላይ በእጇ ልክ እገጥመዋለሁ፣ ዋጋውን አይጠይቁኝ።

ጋሼ ስማቸው፦ ታዲያ ትራሱ ይቅር?

ይታይሽ፦ ለምን ይቀራል? እስቲ ዞር ይበሉ ጋሼ፣ ወርድዎን ልለካ።