እንደ ጭቃ የተቦካ ሲሚንቶ

ነገር ፈላጊ አይደለሁም፤ ሲሚንቶ ሲበላሽ ሳይ ግን ዝም ማለት አልችልም። በ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ሸሚዝ ልገዛ ስደተኛ ያገራችን ሰው ወደሚበዛበት ወደ ኢስሊ ሰፈር ሄጄ፣ ነጋዴው ጋሼ ኑሬ ከሱቃቸው ጀርባ ቤት ሲያሠሩ አገኘኋቸው። በዚሁ ከተማ ፓርክላንድስ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የሕንፃ ሥራ ድርጅት ተቆጣጣሪ ነኝና ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው የተቦካው ኮንክሪት ላይ ነው። እንዳደረ ገንፎ ጠጥሮ ተኝቷል። ፉንዲ የሚሏቸው ሁለቱ ግንበኞች ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ ኑሬ? ይሄ መቼ ተቦካ?»

«ጧት ነዋ! ከዙሁር ሶላት በኋላ ውሃ ጨምረን እናፈሰዋለን። አገሬ ሳለሁ ስንት የጭቃ ቤት አቁሜአለሁ፤ ጭቃ ካልሰነበተ አይጠነክርም።»

«ለጭቃ ልክ ነዎት። ሲሚንቶ ግን ውሃ ከነካው ጊዜ ጀምሮ መያያዝ ይጀምራል። ሰዓት ሳይሞላው መፍሰስ አለበት። ከያዘ በኋላ ውሃ ሲጨምሩበት ኃይሉን ይገድሉታል።»

«ፉንዲዎቹም እንዲህ ብለውኝ ነበር። ቶሎ ጨርሰው ለመሄድ ነው ብዬ አልሰማኋቸውም።»

በዚሁ ዓይነት ኮንክሪት የተሠሩ አራት ምሰሶዎች ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቆመዋል፤ ፀሐይ እንድታደርቃቸው ተብሎ ምንም አልለበሱም። በላያቸው የኮንክሪት ጣሪያ ሊጫን ነው። ከሥሩ የሚተኙት የጋሼ ኑሬ ልጅ ኩለሱምና ሦስት ልጆቿ ናቸው። ባሏ አገር ቤት ታስሮባት በሞያሌ በኩል አምልጣ ከመጣች ወር አልሞላትም።

«ምሰሶዎቹ መፍረስ አለባቸው» አልኳቸው።

ጋሼ ኑሬ ቀስ ብለው ዞሩ። «አድነው፣ አንተ በስድሳ ስድስት ተማሪ ነበርክ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«በየመንገዱ ስትጮሁ ነበርክበት?»

«ነበርኩበት።»

«ደርግ ሦስት ቤቶቼን ሲወርስ ያጨበጨበው ተማሪ ነው። ያኔም እንዲሁ ረጋ ብላችሁ ነበር የምታስረዱን። አሁን ደግሞ አራተኛውን አፍርስ ትለኛለህ?»

አጨብጭቤአለሁ። የተማረ ሰው ልክ በሆነበት ነገር እንኳ የማይታመንበት ቀን ይመጣል፤ ጥፋቱም ሁልጊዜ የሰሚው አይደለም። ያጨበጨብኩለት መንግሥት ወንድሜን ገድሎ እኔን እዚህ ጣለኝ። ይህን ብነግራቸውም ቤታቸው አይመለስላቸውም።

«እኔን አይመኑ» አልኩ፤ «በሱቅዎ ቁልፍ ፋቅ ያድርጉት።»

ፋቁት። ምሰሶው እንደ በሶ ዱቄት ተፈረፈረ። ጫን ብለው ደገሙት፤ አሸዋው ጫማቸው ላይ ፈሰሰ። ኩለሱም ግቢው ዳር ልብስ ታሰጣለች። እሷን አይተው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

«እንዴት ነው የሚደረገው?» አሉኝ።

«በሣጥን እየለኩ፣ ለአንድ ሲሚንቶ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። መጀመሪያ ደረቁን መልኩ አንድ እስኪሆን ማገላበጥ፤ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ መጨመር። ሲፈስ አየር እንዳይቀርበት በዘንግ መጠቅጠቅ ነው። ጭቃ በመድረቅ ይበረታል፤ ሲሚንቶ ግን ውሃ እየጠጣ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሳምንት ርጥብ ጆንያ ያልብሱት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ኩለሱም ጣሪያውን ሳትፈራ ትተኛለች። የልጅ ልጆችዎም እዚሁ ቤት ልጅ ያሳድጉበታል።»

ጋሼ ኑሬ መዶሻ አነሡ። ሊረዷቸው የተነሡትን ፉንዲዎች በእጃቸው መለሱና ብረቱ ብቻ እስኪቀር የመጀመሪያውን ምሰሶ ራሳቸው መቱት።

«ሰኞ መጥተህ አንተው ለካ» አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ። «በሲሚንቶው አምኜሃለሁ። በሌላው ይቅር እንድልህ ግን አትጠብቅ።»

«አልጠብቅም» አልኳቸው።

ሰኞ ጧት መለኪያ ሣጥን ይዤ ሄድኩ።