ሐጂ የፋቁት ቀለም

ሰቆጣ የሚሸጥ የድሮ ስቴሽን ዋገን ቴሌግራም ላይ አይቼ ልቤ ሸፈተ። ሻጩ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ናቸው። ዋጋ ለማስወረድ እንከን ልፈልግ ብዬ ሞተሩን አስነሳሁ፣ ከሥሩም ገብቼ ተኛሁ፤ ምንም አላገኘሁም። «ሐጂ፣ ወስጄዋለሁ። እናቴን ከደሃና እዚህ ሰቆጣ ሐኪም ቤት ላመላልስበት ነው» ብዬ እጄን ስዘረጋ እሳቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

ቁጢጥ አሉና በቁልፋቸው መኪናውን ከሥር የሚሸከመውን የሻንሲ ብረት ቀለም ፋቅ ፋቅ አደረጉት። «አየህ? ተሰብሮ የተበየደ ነው። እንከኑን ሳልነግርህ ብሸጥልህ ገንዘቡ ሐራም ይሆንብኛል። ለከተማ ይበቃል፤ በደሃና ቁልቁለት ግን እናትህን አትጫንበት፣ ልጄ» አሉኝ። በዋጋ ልከራከራቸው የመጣሁት እኔ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ።

እናቴ ዛሬም የምትመጣው በበቅሎ ነው። ሰቆጣ ስትገባ ግን መጀመሪያ የምትወርደው ሐጂ ሱቅ ደጅ ነው፤ እሳቸውን ሳትመርቅ ሐኪም ጋ አትሄድም።