የጎማው ጭንብል

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ድሬ ሐኪም ቤት ሆዴን ኦፕራሲዮን ተደርጌ ወደ አልጋዬ ከተመለስኩ በኋላ ትንፋሽ እምቢ አለኝ። ከጎኔ የተኛው አብዲ፣ የቢዮ አዋሌው ግመል ነጋዴ፣ እሱም በዚያው ጠዋት ተቀዶ ከእኔ ብሶበታል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ያለችው የኦክስጅን ቦምቦላ አንዲት ናት፤ እኛ የባቡር ጋራዥ ሠራተኞች ብረት የምንበይድባት ዓይነት። ነርሷ እየገፋች አመጣችለትና የጎማውን ጭንብል ልታደርግለት ስትል እናቱ አዴ ፋጡማ እጇን ያዙ።

«ትናንት ለዚያ ሽማግሌ ይህንኑ አድርጋችሁ አይደል? ይኸው ሬሳው በቃሬዛ ወጣ። ወላሂ፣ ልጄን አትነኪውም!»

ነርሷ ለመነች፣ ተቆጣች። አብዲም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቢቸግራት ቦምቦላዋን ወደ እኔ አመጣቻት። እኔ እምቢ የምልበት አቅም አልነበረኝም። ጭንብሉ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ከራስጌዬ የቆመችው ሚስቴ እሪ አለች፤ አዴ ፋጡማ «አይዞሽ ልጄ» እያሉ አቀፏት። የሚያለቅሱት ለእኔ ነው።

እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ትንፋሼ ተመልሷል። የአብዲ አልጋ ግን ባዶ ነው፤ አንሶላው ተገፍፏል። አዴ ፋጡማ መሬት ላይ ተቀምጠው ጭንብሌን ያያሉ።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ፣ «በዚህ የሚሰጡህ መድኃኒት ምንድን ነው?»

ልዋሻቸው ፈለግሁ፤ ምን ብዬ እንደምዋሽ ጠፋኝ።

«አየር ነው፣ አዴ።»

«አየር ብቻ?»

«አየር ብቻ።»

በረጅሙ አየር ሳቡ፤ መልሰው ማውጣት አቃታቸው።