አስቴር ሳታነበው አይወጣም

እኔ ልሙት፣ ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት የለችም። እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ፓርኪንግ የሚሠራው ጌታቸው የሚስቱን የአስቴርን ካንሰር ብሎግ ላይ ይጽፋል ሲሉኝ ደሜ ፈልቶ ቤቱ ሄድኩ። «አንተ፣ የሚስትህን ሕመም አደባባይ ታወጣለህ?» ብዬ ስጮህ ማዶ ሃውቶርን ከተማ ድረስ ተሰማ።

«ጋሼ፣ ለደወለው ሁሉ ‹ደህና ናት› እያልኩ ስዋሽ ልፈነዳ ደርሼ ነበር። ሶ አሁን እውነቱን አንዴ እጽፍና አጠገቧ እቀመጣለሁ።»

አስቴር ከአልጋዋ ቀና አለች። «ሳላነበው ፖስት አያደርግም፣ ጋሼ። ትናንት ‹አስቴር አለቀሰች› ብሎ ጽፎ፣ ‹ያለቀስከው አንተ ነህ› ብዬ አሳረምኩት።»

ሁለቱም ሲስቁ ጣሪያው ሊነሳ ምንም አልቀረውም። ልቆጣ የሄድኩት ሰውዬ መነጽሬን አውልቄ ዓይኔን ጠረግኩ። እንደ እሱ ያለ ባል አላየሁም።

እሺ፣ አንዲት ነገር ጨምሬያለሁ፤ መነጽር አላደርግም።